ሴባስቶፖልን በባጃጅ

ሴግዌይ የሚባል መጓጓዣ አለ። በሁለት ጎማ መካከል መቆሚያ፣ ከመቆሚያው ወደ ላይ የወጣ እጀታ፣ ከሥሩ ባትሪና ሚዛን የሚጠብቅ ኮምፒዩተር፤ ይኸው ነው ሁለመናው። መቀመጫ ስለሌለው ነጂው እንደቆመ ይሄዳል። ማርሽ የለውም፣ ነዳጅ መስጫ የለውም፣ የሚረገጥ ፍሬን የለውም። ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲሉ ይቆማል። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ ሲያስተዋውቀው የዓለም አካሄድ ከእንግዲህ ተለወጠ ተብሎ ነበር።

ደብረ ታቦር ተወልዶ ላደገ ሰው ግን የአሠራሩ ምሥጢር አዲስ አይደለም። እኛ ወደ ፊት ዘንበል ሳንል የትም ደርሰን አናውቅም። ከገበያ ወደ ቤት ዳገት ነው፤ ዘንበል። ከቤት ወደ ገበያ ቁልቁለት ነው፤ ለጠጥ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወጥታ የተቀመጠች ናት፤ እንዲያም ሆኖ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ አንቺ ቆላ ይላታል። ሜዳ ላይ የቆመ የደብረ ታቦር ሰው ስታዩ ደኅና መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ እሱ ግን ዳገቱ የት እንደጠፋበት እያሰበ ነው።

ከተሞች ሁሉ ለሴግዌይ ሲባል እንደ አዲስ ይታነጻሉ የሚል ትንቢትም ነበር። ከተሞቹ እንደነበሩ ቀሩ፤ የወደቁት ሰዎች ናቸው። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2003 በቤተሰባቸው የባሕር ዳርቻ ቤት ሊሞክሩት ወጥተው ወዲያው ሲወርዱ ፎቶ አንሺዎች ደረሱባቸው። ኩባንያውን የገዙት እንግሊዛዊ ባለሀብት ጂሚ ሄሰልደን በ2010 ውሻ ይዞ ለሚያልፍ መንገደኛ ቦታ ሊለቁ ወደ ኋላ ሲሉ ገደል ገቡ፤ ነፍስ ይማር፣ ሰው አክብረው የሞቱ ሰው ናቸው። በ2015 ደግሞ ቤጂንግ ላይ፣ ገንዘቤ ዲባባና አልማዝ አያና ወርቅ ባመጡልን በዚያው የዓለም ሻምፒዮና፣ ዩሴይን ቦልት 200 ሜትር አሸንፎ ሕዝቡን እያመሰገነ ሲዞር ሴግዌይ ላይ ቆሞ ይቀርጽ የነበረ ካሜራማን ከኋላው መጥቶ ዘረረው። ስንት አገር አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ ስንት ወጣት አሰልፎ ሊደርስበት ያልቻለውን ሰው ይኼ ዕቃ ደረሰበት።

ፋብሪካው ዋናውን ሞዴል መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አቆመ። የተረፉት ግን በጡረታቸው ዘመን የሚሠሩት አላጡም፤ በየባሕር ዳርቻው ከተማ ጎብኚ ያዞራሉ። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅም ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በዚህ ዓይነት ጉብኝት ሲዞር የተቀረጸውን ቪዲዮ ላከልን።

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከዓይኗ አርቃ፣ ደግሞ አቅርባ ተመለከተችው። የልጅ ልጇ እጀታውን ጨብጦ፣ ደረቱን ገልብጦ፣ በማሕሌት ሌሊት ምርኩዙን ተደግፎ እንደቆመ ደብተራ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል።

«ውይ በሞትሁት! መቋሚያው ጎማ አወጣ?» አለች።

«መጓጓዣ ነው እማዬ።»

«ድጓ ተማር ሲሉት አንድ ሰዓት መቆም ያቃተው ልጅ፣ አሁን ከፍሎ ይቆማል?»

ቪዲዮው ረጅም ነው። በመጀመሪያ የራስ ቁር ያደርጉላቸዋል። ቀጥሎ ብወድቅ፣ ብሰበር፣ ብሞት በራሴ ነው የሚል ወረቀት ያስፈርሟቸዋል። ከዚያ መኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ዘንበልና ለጠጥ ያለማምዷቸዋል። በመጨረሻ አስጎብኚዋ ከፊት፣ ጎብኚዎቹ ከኋላ ተሰልፈው ባሕሩን ይዘው ይሄዳሉ። እሷ በጆሮ ማዳመጫ ታወራለች፤ እነሱ አንገታቸውን ያዞራሉ። ወደዚያ ተመልከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተው የጎልደን ጌት ድልድይ። ወደዚህ ተመልከቱ፣ እስር ቤት የነበረችው የአልካትራዝ ደሴት። እናቴ እዚህ ላይ ቪዲዮውን አስቆመችኝ፤ ገንዘብ ተከፍሎ እስር ቤት መታየቱ አልገባትም። በእኛ አገር እስር ቤት ለማየት የሚያስፈልገው አገልግል ነው። ቀጥሎ ወደቡ ላይ የባሕር አንበሶች ተደርድረው፣ እርስ በርስ ተደራርበው ፀሐይ ሲሞቁ ታዩ።

«ምን ይበላሉ?»

«ዓሣ።»

«አይ፣ ጾም የለባቸውማ» ብላ ተወቻቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በዳገቷ የታወቀች ከተማ ናት። ታክሲዎቿ ሲወጡ አፍንጫቸው ሰማይ የሚነካ፣ ሲወርዱ ግንባራቸው መሬት የሚስም ዓይነት ከተማ። ጉብኝቱ ግን የወደቡን ሜዳ መርጦ ይዟል። እንዲያውም ከተማይቱ ሴግዌይ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይነዳ ከልክላለች። እንግዲህ አስጎብኚዋ የምታሳየው ከተማዋን ሳይሆን ጎማው የሚችለውን ያህል ነው ማለት ነው። የቀረው ከተማ፣ ልብስ የተሰጣበት፣ ሰው የሚኖርበት፣ አሮጊት ከሱቅ የምትመለስበት ዳገት፣ ቪዲዮው ውስጥ የለም። ይህን ለእህቴ ልጅ በስልክ ብነግረው ሳቀ። «አጎቴ፣ አንተ ሁልጊዜ ዳገት ትፈልጋለህ» አለኝ። እኔ አልፈልገውም፤ እሱ ነው የሚፈልገኝ።

የእህቴ ልጅ ለቡሄ መጣ። ደብረ ታቦርን ለመጎብኘት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከሰማይ ይወርድና ከመሬት ይመለሳል፤ ጉም ከጠዋት እስከ ጠዋት ተቀምጦ ይውላል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከሁሉ የተሻለው ጊዜም ያው ነሐሴ ነው። ልጆች ጅራፋቸውን ገምደው ከቡሄ ቀደም ብለው ማጮኽ ይጀምራሉ፤ ሙልሙል የሚጋገርበት ቤት ሽታው ከአጥር ያልፋል፤ በነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል። ልጁ ቡናውን ጠጥቶ፣ ከአያቱ ጋር ስሞ ተሳስሞ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦

«አጎቴ፣ ነገ ከተማውን በአስጎብኚ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ተወልደህ ያደግህበትን ከተማ?»

«ኖርሁበት እንጂ ጎብኝቼው አላውቅም።»

መልስ አጣሁለት። እኔም ራሴ ጎብኝቼው አላውቅም። ሰው ዕቁብ የሚጥልበትን፣ ለቅሶ የሚደርስበትን፣ ግብር የሚከፍልበትን ከተማ በምን ጊዜው ይጎበኛል?

በማግስቱ ባጃጅ ያዝን። ነጂው ወጣት ነው፤ ራዲዮውን ዝቅ አድርጎ አስተዋለን። ከፊት መስታወቱ ላይ «አትቸኩል፣ ቤተሰብ ይጠብቅሃል» የሚል ተለጥፏል፤ ከጽሑፉ በላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች።

«የት ነው?»

«ሁሉም ቦታ» አለ የእህቴ ልጅ።

ነጂው አሰበበት። «ሁሉም ቦታ ዳገት አለው» አለና በኮንትራት የሚከፈለውን ነገረን። እኔ ተቆጣሁ፤ እሱ ወደ ሰማይ አየ፤ እኔ መንገድ ጀመርሁ፤ እሱ ጠራኝ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ማንም አልተቀየመም። የራስ ቁር አልነበረም፤ የሚፈረምም ወረቀት አልነበረም። ሥዕሉን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን ሳመና ሞተሩን አስነሣ፤ ኢንሹራንሳችን ይኸው ነው። ከሴግዌዩ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ሳይጎድል ተገኘ፤ ዳገቱ ሲጀምር ዞር ብሎ «ወደ ፊት ዘንበል በሉ!» አለን።

ወደ ኢየሱስ አቅጣጫ ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ከተማዋን ከላይ የሚጠብቅበት ኮረብታ ግርጌ ላይ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ አለቀና ጭቃው ጀመረ። የኋላ ጎማው መጀመሪያ ዞረ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ በመጨረሻ ተቀበረ።

«ውረዱ» አለ አስጎብኚያችን።

የእህቴ ልጅ ነጭ ጫማ ነው ያደረገው፤ ነጭነቱ እዚያው ቀረ። እኛ ከኋላ ገፋን። ባጃጁ ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን በደብረ ታቦር ባጃጅ ሲያዝ ጉባኤ ሳይጠራ ይሰበሰባል። ጀሪካን የያዘች ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ መጣ። አኩፋዳውን በጀርባው ያነገተ፣ ለምድ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ዱላውን ከጎማው ሥር እንደ ጉማጅ ሻጠልን። በመጨረሻ ጋቢ የደረቡ ጡረተኛ አስተማሪ መጡ፤ እሳቸው አልገፉም፤ አስተባበሩ።

«አንድ! ሁለት!» ይሉና በመካከሉ ያቆማሉ። «ለመሆኑ እዚህ አካባቢ በ1834 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

እኛ ትከሻችን ባጃጁ ላይ ነው፤ አንገታችን ተቀልሷል። አናውቅም አልን። የደብረ ታቦርን ጦርነት ነገሩን። ከተማዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ በዚያ ዓመት የሚገዟት የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ከስሜን መጡባቸው። ጦርነቱ በረታና ራስ ዓሊ ተሸንፌያለሁ ብለው ፈረሳቸውን ኮርኩረው ጠፉ። ደጃዝማች ውቤ አሸነፍሁ ብለው ድንኳን አስተከሉና ጠጁ ይቀዳ አሉ። ድግሱ ሲሞቅ የራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደረሱና አሸናፊውን ከነብርሌያቸው ያዟቸው። ያሸነፈው ታሰረ፤ የሸሸው ተፈልጎ አሸንፈሃል ተባለ። ሸሽተው የሄዱት ራስ መልእክተኛውን መጀመሪያ ሳይጠራጠሩት አልቀሩም ይላሉ አስተማሪው ከራሳቸው ጨምረው።

«ስለዚህ ልጆቼ፣ ነገር ሳያልቅ አትቀመጡ። አንድ! ሁለት! ሦስት!»

ባጃጁ ዘሎ ወጣ። ጀሪካን ያላት ሴት ፊቷ ላይ የተረጨውን ጭቃ እየጠረገች ሳቀች፤ የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቀች፤ ስንነግራት እናቴን ታውቃት ኖሯል። የቆሎ ተማሪው ዱላውን አውጥቶ ጠረገ። ድጓውን ጋይንት ቤተ ልሔም ሲቀጽል ቆይቶ ለዝማሬ ወደ ዙር አምባ ሊሻገር ነው፤ በመካከሉ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ከተማ ወጥቷል።

«በእግርህ? ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» አለው የእህቴ ልጅ።

«በኪሎ ሜትር አልተማርሁትም፤ በሰው ቤት ነው የማውቀው» አለው። የት ያድራል፣ የማን ውሻ ይናከሳል፣ የማን ሚስት ትራራለች፣ የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት ይሞላል፤ ይህን ሁሉ እንደ ዜማ ምልክት ደረደረለት። አገሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል፤ አንዱንም ግን በሜዳ አልተማረውም።

ከኢየሱስ ወርደን ወደ ሄሩይ ጊዮርጊስ አቀናን። መንገድ ላይ የቡሄ ልጆች ከበቡን። ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያመልጥበት እንደሌለው ያውቃሉ። የእህቴን ልጅ ጌታ አሉት፣ ደግ አሉት፣ ቤቱን በሙልሙል ሞሉለት፤ ዶላሩን ያሸተቱ ይመስል እሱን ብቻ ነው የሚያወድሱት፤ እኔን እንደ ትርፍ ጎማ ነው ያዩኝ። ብር ሲሰጣቸው በውለታ አልቀሩም፤ ቀጣዩን ዳገት እየዘፈኑ ገፉልን። በዜማ የተገፋ ባጃጅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ሞተሩም ሳይነሣ ወጣ።

ነጂው አሁን ሙሉ አስጎብኚ ሆኗል። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ በአየር ላይ ነው። «ከሁሉ የሚበልጠው ጋፋት ነው» አለን። «አንተ የባሕር ዳርቻ ከተማ አየሁ አልኸኝ አይደል?»

«አዎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ።»

«እኛም አንድ ነበረችን። ጎማ ላይ ጭነን ሰደድናት።»

ጋፋት ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ስፍራ ናት። ባጃጁ የቻለውን ያህል ሄደና ሲያቅተው በእግራችን ቀጠልን። ጉሙ ከፈት ሲል የተራራው ወገብ ታየ፤ እረኛ ልጅ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መጣና ሳንጠይቀው ከፊታችን መምራት ጀመረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የዚህችን ስፍራ ነዋሪዎች ከሩቅ ነው ያገኟቸው። ኢየሩሳሌም ተቀማጭ የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያዳርሱ፣ እግረ መንገዳቸውንም በእጃቸው ሥራ እንዲኖሩ የላካቸው ወጣት የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር ከእነሱ መካከል ናቸው። ወንጌል ይዘው መጡ፤ ንጉሡ ወንጌሉ ይቆይ፣ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ የመሥራት ሙያ የላቸውም፤ ይህን መናገሩም ጥቅም አልነበረውም። መንገድ ጠረጉ፣ ምድጃ ሠሩ፣ ነሐስ አቀለጡ፤ በ1859 ዓ.ም. ከሁሉ ትልቁን ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚተኩስ መድፍ አወጡ። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። ንጉሡ ሴባስቶፖል አሉት። ጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የከበቧትን የሩሲያ ወደብ ስም ነው የሰጡት። እሳቸው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዘውድ ሲደፉ ያች ከተማ በመድፍ ትናወጥ ነበር። ወደብ ያላገኙ ንጉሥ ወደቡን ከነስሙ ጉና ሥር አስቀልጠው አወጡት።

የእህቴ ልጅ ጉብኝት መሆኑን ረሳና መጠየቅ ጀመረ። «ከዚህ እንዴት አወጡት?»

ነጂው ከእኛ ጋር በእግሩ መጥቷል፤ ባጃጁን ለማን እንደተወው አላወቅሁም። «ገፍተው» አለ። «ሌላ ምን አለና?»

ነገሩ እንዲያ ነው የሆነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል ጋሪ ላይ ተጫነ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ሳቡት። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ ነው የሚሄደው። ድንጋዩ ይፈነቀላል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ ገደሉ ይቆፈራል፤ ጋሪው ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ፊት ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጋይንትን፣ ጨጨሆን፣ ዋድላ ደላንታን፣ የበሽሎን ገደል አልፎ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚገባውን ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው የዚያን ጉዞ ገሚስ አቅጣጫ በመስኮት ያየዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተኝቶ ነው።

ከማዶ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ ከባሕር ወርዶ እየመጣ ነው። ዙላ ላይ ሐዲድ ዘረጋ፣ ከሕንድ 44 ዝሆን አመጣ። ጎማ የማያስፈልገው ጭነት ማለት ይኼ ነው። ንጉሡ ጥቂት ቀድመውት ደረሱ፤ ግን መቅደም ብቻውን አልበቃም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሁሉም ነገር አለቀ። እንግሊዞች የዘረፉትን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወደ ባሕሩ ተመለሱ፤ ሴባስቶፖልን ግን ትተውት ሄዱ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ሚኒባሶች ቀኑን ሙሉ ይዞሩታል፤ ምናልባት በአገራችን ያለ መሪ በጎማ የሚካሄድ ብቸኛው ጉብኝት ነው።

የእህቴ ልጅ ጭቃ የጠጣ ጫማውን እያየ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የሳን ፍራንሲስኮውን ቪዲዮ ለእረኛው አሳየው። ልጁ ጅራፉን እንደጠመጠመ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ዳገት ይወጣል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ጭቃስ?»

«ጭቃ አይሆነውም።»

«ዝናብ ሲጥልስ?»

«ጉብኝቱን ይሰርዙታል።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ሜዳ ላይ ይሄዳል።»

ልጁ ስልኩን መለሰለት። «ሜዳ ላይማ እኔም እሄዳለሁ» አለና ጅራፉን ፈትቶ አንዴ አጮኸው።

ስንመለስ መሽቷል። ነጂው ባጃጁን አደራ የሰጠው ጠላ ከሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ነበር፤ ስለዚህ አደራ ጠባቂዋን ሳናመሰግን መሄድ ነውር ሆነብን። ቤቷ ገብተን እሳት ሞቅን። የእህቴን ልጅ እግር ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፤ እሱም አፈረ፣ እሷም አፈረ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ጠላውን ስትቀዳ አያቱ ማን እንደሆነች ጠየቀችው፤ በሦስተኛው ስም ላይ ዘመድ ሆነው ተገኙ። በጆሮ ማዳመጫ ይህ ሁሉ አይገኝም።

በመጨረሻ ሒሳብ ሆነ። ነጂው ጠዋት ከተስማማነው በላይ ጠየቀ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ዳገቱን ሁሉ የገፋነው እኛ ነን፤ እንዲያውም ባጃጁን ነው ያስጎበኘነው፤ በሕግ አምላክ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል?

«ጋሼ፣ አይቆጡ» አለኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ባንገፋ ኖሮ ምን ታዩ ነበር? አስተማሪውን ያገኛችሁ ስንገፋ ነው። የቆሎ ተማሪውን ያገኛችሁ ስንገፋ ነው። እዚህ ቤት የገባችሁ ስለቆምን ነው። ሲነዳማ የኔ ባጃጅ እንደማንኛውም ባጃጅ ነው።»

የእህቴ ልጅ ገንዘቡን አውጥቶ ከፈለ፤ ጉርሻም ጨመረበት። እኔም ተቀመጥሁ። ሰውዬው ጉብኝት የሚሸጥበትን ምሥጢር ያገኘው ማንም ሳያስተምረው ነው፤ ጎማ የሚያሳይህ ራሱን ነው፣ አገር የሚታየው ጎማው ሲያቅተው ነው። ይህን እያሰብሁ ለእናቴ ምን እንደምነግራት ሳዘጋጅ ነጂው ከደጅ ተመለሰ፤ ፊቱ ላይ የነጋዴ ፈገግታ አለ።

«ጋሼ፣ ባጃጁ አልነሣ አለኝ። ትንሽ ትገፉልኝ? ይኼኛው በነጻ ነው።»